ስሙ ያልተጠራው ቀለም

ማማ ምድር፣ ሞላሌ አጠገብ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ልጅ ለትሕትና፣ እስፔን አገር፣ ሳራጎሳ ከተማ

ሰላምታዬ ከዚህ አገር ውርጭ ቀድሞ ይድረስሽ። እንደምን ከርመሻል? የሥላሴ ጥበቃ ካንቺ አይለይ፤ በወጣሽበት በር በደኅና ያግባሽ። እኔ ጉልበቴን ካልቆጠርሽው ደኅና ነኝ። እኅትሽ እስከዳር ደኅና ናት፤ ቀን የሞላሌን ሕፃናት ፊደል ታስቆጥራለች፣ ማታ እኔን ትቆጣለች። በጎቹም ደኅና ናቸው።

ለምን ስልክ አያነሡም ብለሽ ነበር። አንደኛ ኔትወርኩ ደመና ሲመጣ አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛ እኔ ስቆጣ ረዥም ነው የምቆጣው፤ ስልክ ደግሞ መሃል ላይ ይቋረጣል። የተቋረጠ ቁጣ ጨጓራ ያቃጥላል። ወረቀት ግን እስክጨርስ ድረስ ይታገሠኛል።

ዛሬ ተቆጥቻለሁ።

የምትጦሪያቸው አሮጊት፣ ዶኛ ፒላር ያልሻቸው፣ ልጃቸው እንግዳ ይዞ መጥቶ «ይቺ እናቴን የምትጠብቅ ቺካ ዴ ኮሎር ናት» አለ ብለሽ ጽፈሻል። «ባለ ቀለም ልጅ» ማለት ነው ብለሽ ፈታሽልኝ። ደጋግሜ አነበብኩት። ባለ ምን ቀለም? ይኼ ሰው ቀለም አለና ዝም አለ? እዚህ በግ እንኳ የቀለሙ ስም ሳይጠራ አይታለፍም! ቡላ አለ፣ ዳለቻ አለ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦቃ ነው፣ የተዥጎረጎረው ቡሬ ነው። ፈረስማ ሲሆን ዳማው፣ አምባላዩ፣ ጉራቻው እየተባለ ይወደሳል። ሰውም ቢሆን ቀይ አለ፣ ጠይም አለ፣ ቀይ ዳማ አለ፣ እንደኔ የድስት ቂጥ የመሰለ ጥቁር አለ። አንቺ ጠይም ነሽ። እናትሽም ጠይም ነበረች። ጠይም ማለት ካቃተው «ትሕትና» ይበልሽ፣ ስም አለሽ። ለመሆኑ እሱስ ቀለም የለውም? ውሃ ነው?

በይ አሁን ይኼን ኮሎር የሚሉትን ቃል እንዴት እንዴት እንደሚያደርጉት ሁሉንም ጽፈሽ ላኪልኝ። ከዚህ ሰውዬ ጋር በገዛ አፉ ነው የምገጥመው።

አንድ ወሬ ልጨምርልሽ። ባለፈው እሑድ ለእስከዳር ሽማግሌ መጣብን። ልጁ ዓምደ ሚካኤል ይባላል፤ የራቤል ከተማ ልጅ ሆኖ እዚህ በሞተር እየዞረ ከብት የሚያክም ነው። መሪጌታ መልከ ጼዴቅ ሌሎች አስከትሎ ደጃፌ ላይ ቆመ። ሽማግሌ መቼም «ተቀመጡ» እስኪባል አይቀመጥም፤ እኔም አላልኩ። ነፋሱ ጋቢያቸውን እያራገበው ስለ ገብሱ ጠየቅኋቸው፣ ስለ ውርጩ ጠየቅኋቸው፣ የመሪጌታን ላም ደኅንነት ጠየቅሁ። በመጨረሻ «እናስብበታለን፣ ሌላ ቀን ኑ» ብዬ ሸኘኋቸው። እስከዳር ከዚያ ወዲህ እራቴን ስታቀርብ ሳሕኑን ጠረጴዛው ላይ ትጥለዋለች እንጂ አታስቀምጠውም። ያልፍላታል።

መነጽር ላኪልኝ። የዳዊቱ ፊደል እየሸሸኝ ነው።

የሚወድሽና የሚቆጣልሽ አያትሽ፣
ዓለሙ


ሳራጎሳ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አባባ ዓለሙ

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎን ያጽናልዎ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። እኔ ደኅና ነኝ። የዚህ ከተማ ነፋስ የእኛን አገር ነፋስ ይመስላል፤ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፣ አጥንት ውስጥ ግን ቤቱን ያውቃል። ቁጣዎ ደርሶ አሙቆኛል።

ኮሎር ቀለም ነው፣ ሲበዛ ኮሎሬስ ይሆናል። የማይገባበት ነገር የለም። አንዱ ከሌላው እጅግ ሲበልጥ «ኖ አይ ኮሎር» ይላሉ፤ «ቀለም የለም» ብለው «ለንጽጽርም አይቀርብ» ማለታቸው ነው። ዶኛ ፒላር የእኔን ምስር ወጥ የልጃቸው ሚስት ከምትሠራው ጋር አስተያይተው «ኖ አይ ኮሎር» ብለው ሴትዮዋን አስኮርፈዋታል። ሰው ሲናደድ «ጠቆርኩ» ይላል። ሰውን በሌለበት ሲቦጭቁት «አረንጓዴ አደረጉት» ይባላል። ሁሉ ነገር የሚያምርለት የዋህ ሰው ዓለሙን በጽጌረዳ ቀለም ያያል። በእርጅናው ሴት የሚያሳድድ ደግሞ «ቢየኾ ቤርዴ» ነው፣ አረንጓዴ ሽማግሌ። ስለዚህ ያን ገበያ የሚወጡበትን አረንጓዴ ኮት ለብሰው ወደዚህ እንዳይመጡብኝ።

እኔ የምወደው ግን «ሳካር ሎስ ኮሎሬስ» የሚሉትን ነው። ሰውን በሰው ፊት ማሳፈር ማለት ነው። ቃል በቃል ሲፈታ «ቀለሞቹን ማውጣት» ይሆናል፤ ደሙ ወደ ላይ ይወጣና የደበቀው ሁሉ ፊቱ ላይ ይታይበታል።

አሁን የእኔን ጥያቄ ይመልሱልኝ። ዓምደ ሚካኤል ምን ጎደለው? እስከዳር ስለ እሱ ስትጽፍልኝ ከርማለች። ልብ አድርገው ያንብቡኝ፤ «ያለ አባባ ምርቃት አላገባም» ብላለች። እሱ ደግሞ ከሰኔ በኋላ ወደ ዓለም ከተማ ይዛወራል። ሳይታጩ ከሄደ የሚሆነውን እርስዎም እኔም እናውቀዋለን። ታዲያ ሽማግሌ የሚያስቆም ምን በደል አገኙበት?

መነጽሩን ወደ አዲስ አበባ በምትሄድ ሴት እጅ ልኬአለሁ፤ ከዚያ በሞላሌ አውቶቡስ ይደርስዎታል።

ልጅዎ ትሕትና


ማማ ምድር፣ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትሕትናዬ

የጥምቀቱ በረከት ይደርብሽ፤ ያሰብሽው ይሙላ፣ የጠላሽ ይጉደል። መነጽሩ ደርሷል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዳዊቱ ተመለሰልኝ። የጎረቤቶቼም ፊት አብሮ ጠርቶ ታየኝ እንጂ፤ ይኼን እንኳ አልለመንኩም ነበር።

ኮሎሬስሽን ሁሉ በቃሌ ይዣለሁ። ቅዳሜ ገበያ ላይ አንዱ ነጋዴ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ዘርግቶ «ከአባባ ዓለሙ የበግ ጸጉር ባና ይሻላል፣ ይሞቃል፣ አይኮሰኩስም» እያለ ይጮኻል። ጠጋ አልኩና «ኖ አይ ኮሎር!» አልኩት።

«ምን አሉ አባቴ?»

«በእስፔን አፍ ሰድቤሃለሁ። ሂድና አስፈታ።»

እስካሁን አስተርጓሚ ፍለጋ ላይ ነው።

አሁን የጀግንነቴን ልንገርሽ። የበግ ማኅበራችን በየዓመቱ አውራ እንደሚመርጥ ታውቂያለሽ፤ የተመረጠው ለዘር ይቀመጣል፣ ያልተመረጠው ይኮላሽና ሙክት ይሆናል። ዘንድሮ ከሁሉ የላቀው የኔው ጥቁር ነበር። ጀርባው እንደ ሰሌን የተዘረጋ፣ ጸጉሩ እጅ ውስጥ የሚሰጥም። ማኅበርተኛው ግን ተነሥቶ «ጥቁር ነው፣ ጥቁር በግ ገበያ አይወደድም፣ ይኮላሽ» አለ። ደሜ ፈላ። በትሬን መሬት መትቼ ተነሣሁና «እናንተ ደነዞች! የተኛችሁበትን ባና ከምን ጸጉር የሠራሁት መሰላችሁ? ጀርባውን እዩ፣ ጥርሱን እዩ፣ እናቱ መንታ ስታሳድግ አላያችሁም? ቀለም አይቶ የሚመርጥ ሰው ዓይን እንጂ ጭንቅላት የለውም!» አልኳቸው። ያ ዓምደ ሚካኤልም በጎቹን ሊለካ መጥቶ ነበርና ሜትሩን እንደያዘ «አባባ ዓለሙ ልክ ናቸው፣ ቀለሙን ተዉት» ብሎ ከኔ ጋር ቆመ። አሸነፍን። ጥቁሩ ነገሠ።

ይኼን ስላልኩ ደግሞ እንዳትይዥኝ። ሽማግሎቹ ከጥምቀት በኋላ ተመልሰው መጡ፣ እኔም መልሼ አቆምኳቸው። ምክንያት ትያለሽ? ምክንያት ሞልቷል። ሞተር ይነዳል፤ በዚህ ገደል ሞተር የሚነዳ ሰው ለሚስት አይታሰብም። ቀጭን ነው። ሲስቅ ጥርሱን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ያሳያል። ይኼ ካልበቃሽ ሰባት ቤት ይቆጠር ብያለሁ። የሚጋቡት ዘመድ ሆነው እንዳይገኙ ሰባት ትውልድ ወደ ላይ መቁጠር የአባቶች ደንብ ነው። የኛን ብትጠሪው እንደ ውሃ ይወርዳል። የሱ በእናቱ በኩል ሦስተኛዋ ሴት ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ከዚያ ወዲያ የሚያውቅ የለም። ከየት እንደመጡ አይታወቅም። የማይታወቅ ነገር ደግሞ... በቃ፣ ገባሽ። ደግመሽ አትጠይቂኝ።

አያትሽ ዓለሙ


ሳራጎሳ፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ምርቃቴ እዚህ ላይ ያበቃል። ተቆጥቻለሁ፤ ቁጣውንም የወረስኩት ከእርስዎ ነው።

አስቀድሜ ያኮራኝን ልንገርዎ። የዶኛ ፒላር ልጅ ሰሞኑን ሌላ እንግዳ ይዞ መጣና ያንኑ «ቺካ ዴ ኮሎር» አለ። እኔም እርስዎ እንዳስተማሩኝ «ዴ ኬ ኮሎር?» አልኩት። የምን ቀለም? ዶኛ ፒላር ከተቀመጡበት በምርኩዛቸው ወለሉን እየመቱ «መልስላት እንጂ! ምን ሆነህ ነው?» አሉት። ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። ጆሮው ሳይቀር ቀላ። በኋላ ወጥ ቤት ድረስ መጥቶ በስሜ ጠርቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ያን ቀን አባባ ዓለሙ አረንጓዴ ኮታቸውን ለብሰው ከጎኔ የቆሙ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ የእስከዳር ድምፅ በስልኬ ደረሰኝ። እያለቀሰች ነው የቀዳችው።

ሽማግሎቹ ሲሄዱ እርስዎ ወደ ቤት ገብተው እስከዳርን ምን እንዳሏት ለእኔ አልጻፉልኝም። «የባሪያ ዘር ቤቴ አይገባም» ብለዋታል። እንግዲህ ምክንያቱ ይኼ ነው፤ ሞተሩንና ጥርሱን ለእኔ ማሳቂያ ነው የላኩልኝ።

ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመድ እንዳይጋባ ነው። ከየት እንደመጡ ካልታወቀ ዘመድ እንዳልሆኑማ ታወቀ! መሪጌታ ይኼ ጠፍቷቸው ይመስልዎታል ዝም ያሉት? አፍረውልዎ ነው።

በግና ሰውን በአንድ ትንፋሽ መጥራት ያሳፍረኛል፣ ያስገደዱኝ ግን እርስዎ ነዎት። ለበግዎ በሕዝብ ፊት በትር መትተው ቀለም አይቆጠርም አሉ። ያ ሰው ከጎንዎ ቆመ። አገሩ ሁሉ በተቃወመዎ ሰዓት ብቻውን «ልክ ናቸው» አለ። እርስዎ ደግሞ ወደ ቤት ገብተው ስሙን በዚያ ቃል ለወጡት። ከዓምደ ሚካኤል የሚጠቁሩት እርስዎ ራስዎ አይደሉም? የድስት ቂጥ ነኝ እያሉ የሚያስቁን እርስዎ አይደሉም? ታዲያ የእርስዎ ጥቁር የሚያስቅ፣ የእሱ ጥቁር የሚያስቆም የሆነው በማን ሚዛን ነው?

የዶኛ ፒላር ልጅ ቀለም ብሎ ስሙን ዋጠው። እርስዎ «በቃ፣ ገባሽ» ብለው ዋጡት። እሱ እንኳ ቀላ።

ሽማግሎቹ እስኪቀመጡ ድረስ ከእኔ ደብዳቤ አይጠብቁ።

ትሕትና


ማማ ምድር፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትሕትና

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። እኔ ግን ዛሬ አልመርቅሽም።

አባትሽ ሲያልፍ ሁለታችሁን በዚህ ጀርባዬ ተሸክሜ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። የፊደሉን ገበታ ያስያዝኩሽ እኔ ነኝ። ፊደል ያስተማርኩሽ ያንን ቃል በወረቀት ላይ ልትጽፊበት ነው? ፖስታ ቤቱ ቢከፍተውስ? ሰው ቢያነበውስ? ቤት ውስጥ የተባለ ቤት ውስጥ ይቀራል! እኔ አልፈጠርኩትም። ስወለድ አገሩ ሲለው ያገኘሁትን ነው ያልኩት። አንቺ በአውሮፕላን ሄደሽ፣ በሰው አገር ተቀምጠሽ፣ የኛን ደጅ ልትጠርጊ አማረሽ።

ፋሲካን ከእስከዳር ጋር ሳንነጋገር ዋልን። ዶሮውን ሠራች፣ አቀረበች፣ ወደ ጓዳ ገባች። ብቻዬን ፈሰክሁ። ደስ ይበልሽ።

መነጽርሽን መልሼ ልኬልሻለሁ። ያለ እሱም ብዙ አይቻለሁ።

ዓለሙ


ሳራጎሳ፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ

አልጽፍም ብዬ ነበር፤ ለዚህች ብቻ ነው። መነጽሩ ደርሶኛል። አንዱ መስታወት ተሰንጥቋል።

«ሰው ቢያነበውስ?» ብለዋል። እስከዳር እኮ ሰምታዋለች።

ደኅና ይሁኑ።

ትሕትና


ማማ ምድር፣ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትሕትና

ክረምቱ ገብቷል፣ ጭጋጉ ደጃፌን ውጦታል፤ እንዲያም ሆኖ ሰላምታዬ መንገድ አይጠፋውም። ሥላሴ ይባርኩሽ። ቀድሞ የከለከልኩሽን ምርቃት አብሬ ልኬዋለሁ፣ ተቀበዪ። አሁንም ተቆጥቻለሁ፤ ግን በማን እንደሆነ አንብበሽ ድረሺበት።

ሽማግሎቹ ግንቦት መጨረሻ ላይ መጡ። እንደ ልማዴ አቆምኳቸው። «ገብሱ እንዴት ነው?» ስል መሪጌታ መልከ ጼዴቅ እጁን አነሣ። አብረን ዳዊት የደገምን ነንና አንተ ነው የሚለኝ።

«ዓለሙ፣ ገብሱን ተወው። ልጅህን ስጠን ብለን ሁለት ጊዜ ለምነናል። ዛሬ ሌላ ነው የምንለምንህ። ምክንያትህን በአፍህ ንገረንና እንሂድ። ከዚያ በኋላ አንመጣም።»

አፌን ከፈትኩ። ሞተሩን ልል ነበር፣ አስቀያሚ ውሸት ሆኖ ታየኝ። ሰባት ቤቱን ልል ነበር፣ አንቺ አበላሽተሽብኛል። የቀረኝ ያ ቃል ነው። ጓዳ ውስጥ ለእስከዳር እንደ ምራቅ የተፋሁት ቃል፣ በፀሐይ፣ በሰው ፊት፣ እነዚያን የከበሩ ሽማግሎች እያየሁ አልወጣ አለኝ። በትሬን የያዘውን እጄን አየሁት። ጥቁር ነው፣ የእናቴ እጅ ነው። ፊቴ መንደድ ጀመረ። ያ ያልሽው ነገር ወጣ፤ ኮሎሬስሽ ሁሉ ወጡ። እንደኔ ባለ ፊት ላይ ማን ያየዋል ብዬ ተማምኜ ነበር። እስከዳር ከበሩ ጥግ ቆማ ነበር። አየችው።

«ተቀመጡ» አልኩ።

አልተቀመጡም!

መሪጌታ መሬት መሬት እያየ «የልጁ እናት ልካብናለች» አለ። «ወለተኪዳን ያለችው ይኼ ነው፦ ዛሬ ተቀመጡ ቢላችሁ እንዳትቀመጡ። ደጁን ጠግበነዋል። አሁን እሱ ይምጣና የኔን ደጅ ይቁም።» ብለው ሄዱ። ትሕትና፣ የዚያን ዕለት እንደ እስፔኖቹ ጠቆርኩ ብልሽ ያንሳል። እኔ ዓለሙ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ የሴት ደጅ ልቆም? ቤቱን ስዞረው ዋልኩ። ዳዊቱን ገለጥኩ፣ ያለ መነጽር አይታየኝም፣ በሱም ተናደድኩ። በበጎቹ ጮኽኩ። ጥቁሩ ብቻ ቀና ብሎ አየኝ፣ በሱም ተናደድኩ።

እስከዳር አላለቀሰችም፣ አልተናገረችኝም። ጠዋት አረንጓዴ ኮቴን አራግፋ፣ በትሬን ከላዩ አድርጋ፣ ደፉ ላይ አስቀመጠችልኝና ወደ ትምህርት ቤቷ ሄደች። እሱን አልፌ ነው መውጣት ያለብኝ። በእግሬ ገፋሁት። ተመልሼ አነሣሁት።

ከሞላሌ መሐል ሜዳ፣ ከመሐል ሜዳ ራቤል። መንገዱን ታውቂዋለሽ፣ ጉልበቴንም ታውቂዋለሽ። ወለተኪዳን ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የበግ ጸጉር ትፈትላለች። ስትፈትል ክሯ ቀጥ ያለ ነው፤ ይኼን ሳላይ መቅረት አልቻልኩም፣ ባና ሠሪ ነኝ። ሰላምታ ሰጠኋት። ተቀበለችኝ። እንዝርቱ ይዞራል፣ እኔ ቆሜአለሁ፣ የጎረቤት ሴቶች ያለ ምክንያት ውሃ ሊቀዱ ይመላለሳሉ።

«በናንተ በኩል ገብሱ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ደኅና ነው» አልኩ።

«ውርጩስ?»

«ዘንድሮ ደኅና ነው።»

«የመሪጌታ ላምስ?»

ያኔ ገባኝ። ተንገበገብኩ፤ ነገር ግን ለሥራዋ አድናቆት አለኝ፣ እኔም ከዚህ የተሻለ አላደርገውም። ካፊያው ጀመረ። የራቤል ነፋስ ከታች በኮት ውስጥ ነው የሚገባው፣ ያን አላውቅም ነበር፤ ደጅ ቆሞ የማያውቅ ሰው ከየት ያውቀዋል? በመጨረሻ ቀና ብላ «እናስብበታለን፣ ሌላ ቀን ይምጡ» አለችኝ።

ስመለስ መንገዱን ሁሉ ስሳደብ ተመለስኩ። ሾፌሩ «አባባ ማንን ነው?» ቢለኝ «አንተን አይደለም፣ ንዳ» አልኩት። አልመለስም ብዬ ማልኩ። የዝውውሩ ቀን እየቀረበ መጣ። እስከዳር ኮቱን እሳት ዳር አድርቃ እንደገና ደፉ ላይ አስቀመጠችው።

ሄድኩ። በዚያ ዶፍ ሄድኩ። በዚህኛው ቀን ገብሱን አልጠየቀችኝም።

«አንቱ፣ ሽማግሎቹን ያቆሙበትን ምክንያት ይንገሩኝ። በአፍዎ።»

ነገርኳት። ያንን ቃል ፊት ለፊቷ አልኩት። እንዴት እንዳልኩት አትጠይቂኝ፣ አልጽፈውም። እንዝርቷ ቆመ። ትጮኻለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

«ሰባት ቤት ይቆጠር ብለዋል አሉ፤ ልቁጠርልዎ» አለች። «ልጄ ዓምደ ሚካኤል የኔ የወለተኪዳን ነው። እኔ የእመቤት ነኝ። እመቤት የአመተሥላሴ ናት። አመተሥላሴን ወደዚህ አገር ሲያመጧት በሰው ጀርባ የምትታዘል ሕፃን ነበረች። ስሟን ያወጡላት ያመጧት ናቸው። ወፍጮ ላይ ስትውል፣ ውሃ ስትቀዳ፣ ልጅ ስታሳድግላችሁ፣ የአባትሽ ስም ማነው ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ እናንተ ያልጠየቃችሁትን ስም፣ አንቱ ዛሬ ከኔ ይፈልጉታል?»

ዝናቡ በአፍንጫዬ ጫፍ ይንጠባጠባል፣ ቆሜ ቀረሁ።

ክሯን አንሥታ መፍተል ቀጠለች። ቀና ሳትል፣ «አሁን ይቀመጡ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ፊቷን ሳላይ፣ መሬቱን እያየሁ ይቅርታ ጠየቅሁ። «ለኔ ብቻ ብለው ከሆነ አይበቃም» አለች።

ባለፈው እሑድ ሁለቱ ወገን እኛ ቤት ተገናኘን። ሽማግሎቹ ገና ከበሩ ሳይደርሱ «ተቀመጡ! ተቀመጡ!» እያልኩ ስጮኽ መሪጌታ «ኧረ ቀስ በል፣ እንግባ መጀመሪያ» አለኝ። እስከዳር ሣቀች። ሣቋን ረስቼው ነበር። ሰባት ቤቱ ተቆጠረ። የኛን እኔ ቆጠርኩ። የነሱን ወለተኪዳን ቆጠረች፤ አመተሥላሴ ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ከኛ ወገን የመጣው የአጎትሽ ልጅ «አመተሥላሴ የማን ልጅ?» ሲል በትሬን መሬት መታሁ።

«ስሙን ያልጠየቅነው ሰው ልጅ ናት» አልኩ። «እንደዚያ ተብሎ ይቆጠር። የሚያፍር ካለ እኛ እንፈር።»

መሪጌታ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አመተሥላሴ፣ ስሙን ያልጠየቅነው ሰው ልጅ» ብሎ ደገመው። ወለተኪዳን ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አመጣች። ከዚያ ተመረቁ፣ ታጩ። ዓምደ ሚካኤል ጉልበቴን ሊስም ሲጎነበስ ያንን ጥርሱን ሁሉ አሳየኝ፤ አንድም አላስቀረም። አሁንም ያናድደኛል።

ሠርጉ ጥር ላይ ነው። ትመጫለሽ፣ አልጠየቅሁሽም፣ ነገርኩሽ። ነጩ ሙክት ይታረዳል። ጥቁሩን ቀና ብሎ ያየ ጠቡ ከኔ ጋር ነው። ለዶኛ ፒላር ሰላም በይልኝ፣ አረንጓዴውም ሽማግሌ ኮቱን ለብሶ ይጨፍራል በያቸው። ለልጃቸውም ሰላም በይልኝ። ፊቱ መቅላቱን ስሰማ ስቄበት ነበር፤ ሣቁን መልሼ ወስጄዋለሁ።

መነጽሩን ላኪልኝ። አዲስ ልግዛ እንዳትይ። የተሰነጠቀውን ነው የምፈልገው፤ ያን ቀን ግድግዳ ላይ የወረወርኩት እኔ ነኝ።

አያትሽ
ዓለሙ